«ሐበሻ ያየኛል» ብለህ የፈራኸው ክፍል

«ይድረስ ለእትዬ። እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 43 ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የምተዳደረው ማታ ማታ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እያመላለስኩ ነው። ሥራ ላይ አልጠጣም። ስጨርስ ግን ቤቴ ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ፣ እዚያው ውስጥ ተቀምጬ፣ እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ግማሽ ጠርሙስ ውስኪ ጠጥቼ ወደ ባለቤቴ እወጣለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። አሁን አሁን እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ካልቀመስኩ አያርፍም። ቀድሞ ሁዳዴን ሙሉ መጠጥ የሚባል ባፌ አይዞርም ነበር፤ በዚህም ሱሰኛ አይደለሁም እያልኩ እጽናና ነበር። ዘንድሮ ግን መጻጉዕ ላይ ጀመርኩ። ከሁለት ዓመት በፊትም ጠበል ቦታ ለአንድ ዓመት ተገዝቼ በአምስተኛው ወር አፈረስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብሶብኛል። ባለፈው ሳምንት የዘጠኝ ዓመት ልጄ በር ከፍታልኝ ‹አባዬ፣ ዛሬ ደህናው አባዬ ነህ?› አለችኝ። መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ አለ ሲባል እሰማለሁ። የት ነው? ምን ይደረግበታል? እንግሊዝኛዬ የሆዴን ለመናገር አይበቃም። ከሃይማኖቴስ ጋር አይጋጭም? ደግሞም ሐበሻ ቢያየኝ በሳምንቱ በየለቅሶ ቤቱ የሚነሣው የእኔ ስም ነው።»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ነበር፤ የልጅህ ጥያቄ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቋረጠ። የጠየቅኸኝን ሁሉ እመልስልሃለሁ። ነገር ግን መሐል ላይ እንደ ቀላል ነገር ጽፈሃት ያለፍካት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ አስቀድመን ስለ እሷ ካልተነጋገርን ሌላው አይዋጥልኝም። ጠዋት ልጄን አደርሳለሁ ብለሃል።

እስቲ አብረን እናስላው። የተለመደው የውስኪ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ግማሹ፣ አሜሪካኖች «አንድ መጠጥ» ብለው በሚቆጥሩበት ልክ ከስምንት በላይ ይሆናል። ጉበት በሰዓት የሚያጣራው ደግሞ አንድ ያህሉን ብቻ ነው። ቡና አያፈጥነውም፤ ቀዝቃዛ ውኃም፣ ትኩስ ሾርባም አያፈጥነውም። እንግዲህ ሌሊት አሥር ሰዓት የመጨረሻውን ቀምሰህ ጠዋት ሁለት ሰዓት መሪ ስትጨብጥ፣ ከጠጣኸው ጥቂት የማይባለው ገና ደምህ ውስጥ ነው፤ ልጅህም ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ያድርሳት። ምክንያቱን ዛሬውኑ ለባለቤትህ መናገር ካቃተህ «እንቅልፍ ይጥለኛል፣ እፈራለሁ» ብለህ ጀምር፤ ዋናውን በኋላ እንመጣበታለን። ይህን የምልህ ልቆጣህ አይደለም። ከደብዳቤህ ውስጥ ነገ ጠዋት መቅረት ያለበትና ሊቀርም የሚችለው ይህ አንዱ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ነገር እጅህ ነው። ሲቀመስ የሚያርፍ መንቀጥቀጥ፣ ሰውነትህ አልኮሉን ለምዶ ሲያጣው እንደሚታመም ይነግርሃል። እንዲህ ያለ ሰው በእልህ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አበቃሁ» ብሎ ብቻውን ክፍል ቢዘጋ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር እያየ ይቃዣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ልቡ ከመጠን በላይ ይመታል። ስለዚህ በድንገት አታቁም፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የምትጠጣውን መጠን ሳታሳንስ ንገረው። ብዙዎቻችን ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግማሽ ጠርሙሱን «አልፎ አልፎ አንድ ሁለት» እናደርገዋለን፤ ሐኪሙም ለአንድ ሁለት የሚሆን ምክር ሰጥቶ ይሸኘናል። እውነቱን ካወቀ ግን እነዚያን ቀናት በደህና የሚያሻግርህ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ያዝልሃል፤ ካስፈለገም ሆስፒታል ያስተኛሃል። ከዚያም በኋላ ፍላጎቱን የሚያቀዘቅዙ እንደ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ጠይቀው። ሐኪም የለኝም ካልክ 1-800-662-4357 ደውል። በመላ አሜሪካ ሌት ተቀን በነፃ የሚሠራ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ የመንግሥት መስመር ነው፤ በአቅራቢያህ ያለውን የሕክምና ቦታ ይጠቁምሃል። ሆስፒታል ስትገባም አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለህ፤ ልጅህን እንዳታስተረጉም። መንፈራገጥ ወይም ቅዠት ከመጣ 911 ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አያየኝ ማለት የለም።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። የምነሣው ግን ዘንድሮ ከጀመርክበት ሰንበት ነው። በመጻጉዕ የሚነበበውን ወንጌል ታውቀዋለህ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት የተኛው ሰው «ልትድን ትወዳለህን?» ተብሎ ሲጠየቅ እወዳለሁ እንኳን አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ውኃው አጠገቡ ነበር፤ በዙሪያውም ብዙ ሕዝብ ነበር። አንተም በጠበሉ ዳር ነበርክ፣ በየሳምንቱ በሕዝብ መሐል ታስቀድሳለህ፣ ቤትህም ባለቤትህ አለች። ነገር ግን ውስኪውን በተመለከተ ሰው የለህም፤ መኪናህ ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቅ አንድም ነፍስ የለም። ግዝቱንም ብቻህን ገባህ፣ ብቻህን አፈረስከው፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጸጸትም ብቻህን ትሸከመዋለህ። ግዝትን አላቃልልም፤ በግዝት የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ። አንተን ያደከመህ ግን ከአምስተኛው ወር በኋላ ያለው ነው። ጠጥተህ የነበረው አንድ ሌሊት ነው፤ «እንግዲህ ግዝት አፍርሻለሁ፣ ምን ቀረኝ» የሚለው ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ አስጠጣህ። ንስሐ አባትህ ዘንድ ቀርበህ ከግዝቱ እንዲፈቱህ ለምናቸው። ያ ሸክም ሳይነሣልህ ሌላውን ማንሳት ይከብድሃል።

የምትፈልጋቸው ሰዎች አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላሉ፤ በአጭሩ ኤ ኤ ይሏቸዋል። አጀማመራቸውን ልንገርህ፣ ለአንተ ነገር መልስ አለበትና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ግንቦት ወር ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ ኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ አምስት ወሩ ነው። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈ፤ ገንዘብም አጠረው፤ በባዕድ ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆመ። በአንድ በኩል ቡና ቤቱ አለ፣ በሌላ በኩል ስልክ። ወደ ስልኩ ሄደና በከተማው ላሉ የሃይማኖት አባቶች መደወል ጀመረ። የጠየቀው ምክር ወይም ጸሎት ብቻ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። እሱ ግን የፈለገው የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም ነው። በሰው በሰው አንድ ቦብ ስሚዝ ከሚባል፣ መጠጥ ሥራውን ሊያሳጣው ከደረሰ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር አገናኙት። ሐኪሙ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ልስጠው ብሎ መጣ፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ሲነጋገሩ ቆዩ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰው ሰኔ 10 ቀን 1935 ነው፤ ማኅበሩም የተመሠረተው በዚያ ቀን ነው ብለው ይቆጥራሉ። ቦብ ስሚዝ ስለ አልኮል ጉዳት ከቢል የሚማረው አልነበረም፤ ራሱ ሐኪም ነበር። ያላገኘው ነገር በጓዳ የሚሠራውን ሥራ ሳይነግረው የሚያውቅለት ሰው ነበር።

አሁን በአንተ አካባቢ እነዚህን ሰዎች ማግኘት ቀላል ነው። «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባል ነፃ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫን፤ ያለህበትን ቦታና ሰዓት አይቶ ቅርብ ያለውን ስብሰባ ያሳይሃል። ለዲሲና በዙሪያው ላሉት የሜሪላንድ ከተሞች ዝርዝሩን የሚይዝና ስልክ የሚመልስ ዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ የሚባል ጽሕፈት ቤትም አላቸው። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም በማኅበረሰብ አዳራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ያከራያቸዋል እንጂ የእነሱ አይደለም። ዝርዝሩን ስታይ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚሉ ታያለህ። ክፍት ላይ ማንም ሰው ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፤ ዝግ ማለት መጠጥ ለማቆም ፍላጎት ላለው ብቻ ማለት ነው። አንተ ሁለቱም ይፈቀድልሃል። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ቅርጫት ሲዞር አንድ ሁለት ዶላር የሚጥሉት አባላቱ ናቸው፤ እንግዳ ባይጥል ማንም አያየውም።

የሌሊት ሠራተኛ መሆንህ እንቅፋት መስሎህ ይሆናል፤ እኔ ግን ይጠቅምሃል ብዬ አምናለሁ። ማለዳ፣ ሰው ሥራ ሳይገባ የሚደረጉ ስብሰባዎች ብዙ ናቸው፤ የማለዳዎቹ ሰዎች ደግሞ ጠንካሮች ናቸው። ለዚያች ከሥራ በኋላ ላለችው ክፉ ሰዓትም መፍትሔ አለ። በኢንተርኔት በሌሊትም ሆነ በቀን የማይቋረጡ ስብሰባዎች አሉ። መኪናህን ባቆምክበት ቦታ፣ ካሜራህን ዘግተህ፣ ስልክህን መሪው ላይ አስደግፈህ ታዳምጣለህ። ሰዓቱ ያው፣ ወንበሩ ያው፤ ጠርሙሱ ብቻ አይኖርም። ይሁን እንጂ በስልክ ብቻ እንዳትቀር። ከስልክ ላይ በአንዲት ጣት ትወጣለህ፤ እጅህን ጨብጦ «ነገም ትመጣለህ?» ካለህ ሰው ፊት መጥፋት ግን ይከብዳል።

ውስጡ ምን ይመስላል? አንድ ሰዓት ያህል ነው። ቡና ይኖራል፤ የእኛ ዓይነት ቡና አይደለም፣ ቻለው። አንዱ ይከፍታል፣ አጭር ጽሑፍ ይነበባል፣ ከዚያ በየተራ ወይም እጅ እያወጡ ስለ ራሳቸው ይናገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይገሥጽም፣ አይመክርም፤ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው፣ እኛ ሳንመክር መስማት አንችልበትም። ተራህ ሲደርስ ስምህን ብቻ ብለህ «ዛሬ ማዳመጥ ነው የምፈልገው» ማለት ትችላለህ። ስምም ቢሆን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ያልከው አያስጨንቅህ። በእነዚያ ክፍሎች የሚነገረው እንግሊዝኛ የአጫጭር ቃላት እንግሊዝኛ ነው፤ አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ ዋሸሁ፣ ትናንት አልጠጣሁም። ከተሳፋሪ ጋር ከምታወራው አይከብድም።

ታላቅ ወንድሜን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ክፍት ስብሰባ ስለነበር አብሬው ገባሁ። በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ወንበር ላይ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ክፍሉ ይሞቅ ነበር፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ካፖርቱን ግን አላወለቀም። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። «ጋሼ፣ ምነው?» ስለው «ልወጣ ነው» ይለኛል፣ ግን አይወጣም። ካፖርቱን ያወለቀው በአራተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሳይጠጣ ኖረ፤ እኔም መሄዴን አቆምኩ፣ አላስፈለግሁትም። በዚያ ክፍል ከሰዎቹ አፍ የሰማሁትን አልነግርህም። እዚያው ትቼው ነው የወጣሁት፤ ሕጋቸው ይህ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ ትልቁ ፍርሃትህ ያደርሰናል። ሐበሻ ቢያየኝስ? ሊያይህ ይችላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነውና የምትኖረው አላባብልህም። ግን አስበው። ያ ሐበሻ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ምን ሊሠራ መጣ? አንተን ሲያይ የሚደነግጠው ከአንተ እኩል ነው፤ የእሱም ስም በአንተ አፍ ውስጥ ነው። ሁለታችሁም የአንዳችሁን ምሥጢር ትይዛላችሁ። ፍርሃቱ እግርህን ከያዘው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራቅ ብለህ ቤተዝዳ ወይም ሮክቪል ሂድ፤ ነውር የለውም። ውሎ አድሮ ግን ያ የምትሸሸው ሐበሻ ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ሰው ይሆናል። ሠርግና ክርስትና ላይ «በእኔ ሞት፣ አንድ ብቻ» እየተባለ ብርጭቆ አፍህ ድረስ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ለአሜሪካዊው ልታስረዳው ትችላለህ፤ ለእሱ ግን ማስረዳት አያስፈልግህም። በማኅበሩ ደንብ ሁለት ወይም ሦስት ሱሰኞች ለመዳን ብለው ከተሰበሰቡ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። ሁለት ሐበሾች አንድ ማለዳ በአማርኛ ከተቀመጡ ስብሰባ ነው ማለት ነው። እኛ በየወሩ በጻድቃን ስም ጽዋ የምንጠጣ ሕዝብ ነን፤ ጽዋው የሌለበት ማኅበር ማቆም የሚያቅተን አይመስለኝም።

ስለ ሃይማኖትህ የጠየቅኸውን ባጭሩ ልመልስ። ከአሥራ ሁለቱ ደረጃዎቻቸው ብዙዎቹ ስለ አምላክ ያወራሉ፤ ግን «እኛ እንደተረዳነው» ብለው ነው የጻፉት። አንተ በምታምነው አምላክ ታምናለህ፤ ማንም አያስክድህም። አምስተኛው ደረጃ በደልህን ለእግዚአብሔር፣ ለራስህና ለሌላ ሰው መናገር ነው፤ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንስሐህን አይተካም፣ ንስሐህም እሱን አይከለክለውም። ለንስሐ አባትህ የምትሄድበትን ንገራቸው። የግዝትና የእነሱ መንገድ አንድ ልዩነት አለው፤ እነሱ ለዓመት ቃል አይገቡም። ለዛሬ ብቻ አልጠጣም ይላሉ፤ ነገ ደግሞ ነገ ይባላል። ለዚያ ነው በአምስተኛው ወር የወደቀ ሰው በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ «እንኳን መጣህ» የሚሉት። ብትወድቅ እንዲሁ አድርግ፤ በዚያው ቀን ተመለስ።

ሁለት ነገር ግን ያታልልሃል፤ አስቀድሜ ልጠቁምህ። አንደኛው፣ ቤቱን፣ ሚስቱን፣ መንጃ ፈቃዱን ያጣ ሰው ሲናገር ትሰማና «እኔ እንኳ እዚህ አልደረስኩም» ትላለህ። ወንድሜም በመጀመሪያው ቀን መኪና ውስጥ ያለኝ ይህንኑ ነው። ያ ሰው የሚያወራልህ ግን አንተ ዛሬ ያለህበትን ዓመት አልፎ የሄደበትን መንገድ ነው። የምትመስለውን ፈልግ፤ የማትመስለውን መቁጠር ለመውጣት ሰበብ መፈለግ ነው። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ቡድን ላይጥምህ ይችላል። ቡድኑ እንደ ሰዎቹ ነው፤ አንዱ ጸሎት ያበዛል፣ አንዱ ሳቅ፣ አንዱ መጽሐፍ ማንበብ። አምስት ስድስት የተለያዩ ቦታዎች ሳትሞክር አትፍረድ። የኤ ኤ መንገድ ጨርሶ ካልተስማማህ ከ1994 ጀምሮ ያለ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ ማኅበር አለ፤ ስለ አምላክ አያነሣም፣ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ ላይ ነው የሚሠራው። የተስማማህን ስታገኝ ቀደም ብሎ ያቆመ አንድ ወንድ መርጠህ «ስፖንሰር ሁነኝ» በለው። ውስኪው ሲጠራህ ከመጠጣትህ በፊት የምትደውልለት ሰው ነው። መጻጉዕ ያጣው ዓይነት ሰው ማለቴ ነው።

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው ነገር እዚያም ያው ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። «የእብድ ሐኪም ቤት ታየ» የሚለው ወሬ ለምን ያህል ሰው ሞት ምክንያት እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

የቀረው ባለቤትህ ናት። አታውቅም ብለህ ታስብ ይሆናል። በሌሊት አሥር ሰዓት አጠገቧ የሚተኛውን ሰው ትንፋሽ የማታውቅ ሚስት የለችም፤ የማታውቀው መጠኑን፣ ቦታውንና አንተ መፍትሔ መፈለግህን ነው። ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድህ በፊት ንገራት፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት አጠገብህ ሆኖ 911 የሚደውል ሰው ያስፈልግሃልና። ጠርሙስ ፈላጊ፣ ኪስ ፈታሽ እንድትሆን ግን አታድርጋት። ለእሷም የራሷ ቦታ አላት፤ አል-አኖን ይባላል፣ በ1951 የቢል ባለቤት ሎይስ ከጓደኛዋ ጋር ሆና ያቋቋመችው፣ የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት። አንተ ሄድክም ቀረህም እሷ ትሂድ።

ለልጅህ ጥያቄ ዛሬ መልስ አትስጣት፤ ቃልም አትግባላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ማየት ትችላለች። መጀመሪያ ሐኪሙን፤ ከዚያ የማለዳውን ስብሰባ። በሩ አጠገብ ተቀመጥ፣ ካፖርትህንም አታውልቅ። ያወለቅኸው ለት ጻፍልኝ።

እህትህ